ሰንጠረዥና ተመልካቹ

በሙያችን ዓለም «ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ሳይጽፍ ሳምንት የሚያልፍ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። የወንዝ ፍሰት ልኬት በሰንጠረዥ ይቀርባል፤ የሲሚንቶና የብረት መጠን በሰንጠረዥ ይዘረዘራል፤ የሥራው የጊዜ ዕቅድም እንዲሁ። ከመሥሪያ ቤት ውጭም የእግር ኳስ ወዳጆች «የደረጃ ሰንጠረዥ» እያሉ ቃሉን ቀንና ማታ ያነሡታል። ነገር ግን ሰንጠረዥ ከዚህ ሁሉ በፊት የጨዋታ ስም ነበረ። ስምንት በስምንት ሆኖ በተከፈለ ገበታ ላይ ንጉሥና ሠራዊቱ የሚሰለፉበት፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ ከግብር በኋላ የሚዋሉበት ጨዋታ ነው። ጨዋታው ጠፍቶ ገበታው ብቻ ሲቀር፣ በመሥመርና በሣጥን የተከፈለው ነገር ሁሉ የእርሱን ስም ወረሰ። የዛሬው ወጣት ደግሞ ጨዋታውን ራሱን ለመጥራት «ቼዝ» የሚል ቃል ከውጭ ይዋሳል። አባቱ ቤት ያለውን ዕቃ ጎረቤት ሄዶ እንደሚለምን ልጅ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የተጫዋቾቹ ታሪክ ብቻ አይደለም። ስለ ተጫዋቾቹ ብዙ ተጽፏል፤ አጠገባቸው ቆሞ ስለሚያየው ሰው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ ከተመልካቾቹ ወገን ስለሆንኩ፣ የዓለም ሻምፒዮና በተካሄደ ቁጥር እንቅልፌን የማጣ ሰው እንደመሆኔ፣ የተመልካቹን ዕጣ ከራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ አንሥቼ እስከ ወረታ ድረስ ለመከተል እሞክራለሁ።

ጨዋታው ከሕንድ እንደተነሣ የታወቀ ነው። ሕንዶች ቻቱራንጋ አሉት፤ ትርጉሙ አራት ክፍል ያለው ሠራዊት ማለት ሲሆን፣ ዝሆንን፣ ፈረስን፣ ሠረገላንና እግረኛን ያመለክታል። በፋርሶችና በዓረቦች አፍ ሻትራንጅ ሆነ፤ በእኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ተባለ። የጨዋታው ሠራዊት ስሞችም የመጣበትን መንገድ ይመሰክራሉ። ከንጉሡ ቀጥሎ የሚቆመው ፈርዝ ስሙ ከፋርስ ነው፤ አማካሪ ማለት ነው። ፊል በዓረብኛ ዝሆን ነው። ፈረስን ማስረዳት አያስፈልግም። በዳርና ዳር የሚቆሙት ደር ሲባሉ፣ ከፊት የሚሰለፈው እግረኛ መደቅ ይባላል። አውሮፓውያን በ15ኛው ምዕተ ዓመት ማለቂያ ላይ ፈርዝን ወደ ንግሥትነት ለውጠው ገበታውን ከዳር እስከ ዳር እንድትጠራርግ ሥልጣን ሲሰጧት፣ የእኛ ፈርዝ ግን በማዕዘን በኩል አንድ አንድ ቤት ብቻ እየተራመደ በአሮጌው ሕግ ቀረ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበረ በዚያው ዘመን ተጽፎ ተገኝቷል። እቴጌ ጣይቱም ከበገናና ከቅኔ ጋር ሰንጠረዥን ያውቁ እንደነበረ ይነገራል።

የገበታው አሠራር ራሱ ለእኛ ለመሐንዲሶች ደስ የሚል ነው። እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ ቀለም አይፈራረቅበትም። በቀይ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ጥብጣብ አግድምና ቁልቁል እየተሰፋ ስድሳ አራት ቤት ይወጣለታል፤ ያ ብቻ ነው። ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ንጉሥ ከራሱ ፈርዝ በስተቀኝ ስለሚቆም የሚያየው የጠላቱን ፈርዝ ነው። ነገር ግን ሰንጠረዥን ከሌሎቹ ዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ይኸውም «ወረራ» የሚባለው ክፍል ነው። በወረራ ጊዜ ተራ የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ በፈለጉት ፍጥነትና በፈለጉት ብዛት ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየሰለለ፣ ባየው መጠን የራሱን እያፈረሰና እየሠራ ይቆያል። ተራ የሚጀምረው የመጀመሪያው ምርኮ ከተወሰደ በኋላ ነው። ይህንን ሕግ ያነበብኩ ጊዜ፣ ጨዋታውን የቀመረው ሰው ሜዳ ላይ የተሰለፈ ጦር በዓይኑ ያየ ሰው ነው ብዬ ነበር። በጦር ሜዳ ማን ተራ ይጠብቃል?

የማሸነፊያው ሥርዓትም የራሱ ክብር አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም። በፊልና በፈርዝ፣ ይልቁንም በመደቅ የያዘ ግን ይመሰገናል። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም፤ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ስለዚህ አሸናፊው የባላጋራውን ሠራዊት አሟጦ እንዳይጨርስ መጠንቀቅ አለበት። ድል የሚያደርገውን ጠላቱን ከነክብሩ ማቆየት ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ተመልካቹ እንምጣ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ መጥቶ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ በሰነበተ ጊዜ፣ ራሱ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ተመልክቶ ጽፏል። በአገሩ ጨዋታው በጸጥታ የሚከናወን በመሆኑ፣ ሶልትን ያስገረመው የጨዋታው ሕግ ሳይሆን የአዳራሹ ሁካታ ነበረ። በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ፣ አሽከርና ባሪያ ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጣል፤ ጥሩ እርምጃ የታየው ሰው እጁን ዘርግቶ ፈረሱን ወይም ፊሉን ራሱ ያንቀሳቅሳል። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ እጅ በገበታው ላይ ሲተራመስ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲሆኑ በብልሃት ይደረግ እንደነበረ ሶልት ሳይታዘብ አላለፈም። (በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የተቀመጠ ባልደረባ ይህ ሥርዓት ፈጽሞ አልጠፋም ቢል አልከራከረውም።)

ብዙ ጸሐፊዎች ይህንን የሶልትን ምስክርነት እንደ ቀልድ ጠቅሰው ያልፉታል። እኔ ግን ከቀልድነቱ ይልቅ ቁም ነገሩ ይታየኛል። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በሌላ ጉዳይ አፉን መክፈት የማይፈቀድለት ሰው፣ በሰንጠረዥ ገበታ ዙሪያ ግን ድምፅ ነበረው። ያየውን መናገር ብቻ ሳይሆን በእጁ መንካት ይችል ነበር። ጨዋታው የሁለት ሰዎች ፍልሚያ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሁሉ ምክክር ነበረ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ወረራ የሚባለው ተራ የለሽ አጀማመር ሲታሰብ፣ ሰንጠረዥ በሁካታ መካከል እንዲካሄድ ሆኖ የተሠራ ጨዋታ መሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ስለ ሕጉ ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች ዋነኛው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። መጽሐፉ የታተመው እርሱ እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ፕላውደን ቆንስል ሆኖ የተላከው ወደ ራስ ዓሊ ነበረ። የራስ ዓሊ መቀመጫ ደብረ ታቦር ከወረታ በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል፤ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አውራ ጎዳና ወረታ ላይ ለቅቆ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሰው የሚደርስበት ከተማ ነው። ደብረ ታቦርን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ሳልጨምር ለማለፍ አልችልም። በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ራስ ዓሊን እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ገጥመው ድል አደረጉ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ደጃች ውቤ በድንኳናቸው ሆነው ለድሉ መጠጥ ሲጠጡ፣ የራስ ዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ደርሶ ማረካቸው። ጨዋታው አልቋል ብሎ ከገበታው ላይ ዓይኑን ያነሣ ሰው የሚደርስበትን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሰንጠረዥ መጽሐፍ አይገኝም።

የሰንጠረዥ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። መኳንንቱና ቤተ መንግሥቱ ሲበተኑ ጨዋታውም ተበተነ። ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በኋላ ቀድሞ እንደነበረው ሆኖ አልተመለሰም። ወረራ የሚጀምረው ጨዋታ በወረራ አለቀ። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሲወጣ፣ ጽሑፉ ያለፈ ነገር መዝገብ ሆኖ ነበረ። ያ ጥናት ባይኖር ኖሮ ዛሬ ወረራ የሚለውን የጨዋታ ቃል የምናውቀው ስንቶቻችን በሆንን?

ጥናቱ በታተመ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ የአሜሪካው ቦቢ ፊሸርና የሶቭየቱ ቦሪስ ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮናነት ተገናኙ። ስለዚህ ግጥሚያ ሲነገር የሁለቱ ታላላቅ መንግሥታት ፉክክር ይነሣል። ከተመልካቹ ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ፊሸር የካሜራውን ድምፅ አልችልም ብሎ በሁለተኛው ጨዋታ ሳይቀርብ ቀረ፤ ነጥቡ ለስፓስኪ ተሰጠ። ሦስተኛው ጨዋታ ከአዳራሹ ጀርባ በምትገኝ ትንሽ ክፍል፣ ያለ አንድ ተመልካች ተካሄደ። ፊሸር ያንን ጨዋታ አሸነፈ። በኋላም ወደ አዳራሹ ተመልሶ እስከ መጨረሻው ስለ ሕዝቡ ጫጫታና ስለ ፊተኛው ወንበር ቅርበት ሲያማርር ቆይቶ፣ በ12 ተኩል ለ8 ተኩል ዘውዱን ወሰደ። ከራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ይህ ምን ያህል ይርቃል!

ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ እንደ ተጠርጣሪ መታየት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1978 በፊሊፒንስ በባጊዮ ከተማ ካርፖቭና ኮርችኖይ ሲጫወቱ፣ ለካርፖቭ በጨዋታው መካከል እርጎ ቢላክለት የኮርችኖይ ወገኖች በእርጎው ምሥጢራዊ መልእክት ሊተላለፍ ይችላል ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ከሶቭየት ወገን የመጣ አንድ የሥነ ልቦና ሐኪምም ከአዳራሹ ተቀምጦ ኮርችኖይን ትክ ብሎ በማየቱ ብቻ ሌላ ትልቅ ክርክር ተነሣ። ማየትም እንደ ጥፋት ተቆጠረ። ከዚያ ኮምፒዩተሩ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው መሣሪያ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን አሸነፈ። የተመልካች ሹክሹክታ ከዚያ በኋላ እውነተኛ አደጋ ሆነ፤ ምክንያቱም ኪሱ ውስጥ ስልክ የያዘ ተራ ሰው ከሻምፒዮኑ ይልቅ ያውቃል።

በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና ለንደን ላይ ሲገናኙ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ መስተዋት ተጠቃለለ። ሁለቱ ተጫዋቾች ድምፅ በማያስገባ፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስተዋት ውስጥ ተቀመጡ። ሕዝቡ ያያቸዋል፤ እነርሱ ሕዝቡን አያዩትም፤ አይሰሙትም።

በዚያ ወቅት እኔ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል፣ በመስኖ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማደሪያዬ ወረታ ነው። ወቅቱ የሩዝ አጨዳ ነው። ክረምት ላይ ከጣና ጋር አንድ ባሕር መስሎ የሚተኛው ያ ሜዳ በኅዳር ይደርቅና ወርቃማ ይሆናል፤ ሩዝ ወደዚህ አገር ከገባ አርባ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ገበሬው ግን ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው ይመስል አሳምሮ ያውቅበታል። በከተማው ምሽት ላይ በየቴሌቪዥኑ ቤት የእንግሊዝ እግር ኳስ ይታያል። የለንደኑን የመስተዋት ክፍል የሚያሳይ ቤት ግን አልነበረም፤ እንዲኖርም አልጠበቅሁም።

ጨዋታው የሚጀምረው በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበረ። ጥቅምት 30 ቀን የተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ 115 እርምጃ ሄደ፤ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ብቻዬን አመሸሁ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ብቻዬን አልነበርኩም። አንድ ቀያሽ፣ የመኪናችን ሾፌርና የማደሪያው ባለቤት እትዬ በአንዲት ስልክ ዙሪያ ይሰበሰቡ ጀመር። መጀመሪያ የሳባቸው ጨዋታው ሳይሆን ጸጥታው ነው። እትዬ ካርልሰን ግንባሩን ይዞ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያስብ አይተው፣ «ኧረ ይኼ ልጅ ምን ያስባል? ሩዝ ደርሶ እንዲህ የሚታሰብ ቢሆን ወፍ ይጨርሰው ነበር» ሲሉ፣ ሾፌሩ ስለ ልጁ ተከራክሮ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾፌሩ የካርልሰን፣ እትዬ የካሩዋና ወገን ሆኑ።

ኅዳር 7 ቀን የተደረገው ስድስተኛው ጨዋታ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቁሩን የያዘው ካሩዋና ቀስ በቀስ በላይነት እያገኘ ሄዶ ካርልሰንን ጥግ አስያዘው። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ኖርዌይ ውስጥ ያለ አንድ ከፍተኛ አቅም ያለው ኮምፒዩተር ካሩዋና ከ30 በሚበልጡ እርምጃዎች ውስጥ ንጉሡን የሚይዝበት መንገድ እንዳገኘ ወሬው በስልኬ ደረሰ። በ68ኛው እርምጃ በፊል ቦታ የሚቆመውን መኮንን አንቀሳቅሶ፣ ቀጥሎ ፈረሱን በገዛ እጁ መውጫ ወደሌለው ሥፍራ ማስገባት ነበረበት። ለሰው ልጅ አእምሮ ይህ ፈረስን መጣል ነው። ካስፓሮቭም ካሩዋና ይህንን ተጫውቶት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ሰውነቱ ይፈተሽ ነበር የሚል ትርጉም ያለው ቃል ተናግሯል። ለባልደረቦቼ ነገሩን በተረጎምኩላቸው ጊዜ ሾፌሩ የራሱን ሰው ካርልሰንን ረስቶ፣ «ታዲያ ንገሩት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ቀያሹ ሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም። በሶልት ዘመን ቢሆን ኖሮ አንድ እጅ ከሕዝቡ መካከል ተዘርግቶ ያንን ፈረስ ያንቀሳቅሰው ነበር። አሁን ግን በዓለም ዙሪያ ስንት ሺህ ሰው መልሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ መልሱን ያላወቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም መስተዋቱ ውስጥ ናቸው። ጨዋታው በ80ኛው እርምጃ አቻ ሆነ።

አሥራ ሁለቱም ጨዋታዎች አቻ ተለያዩ። በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ኅዳር 17 ቀን ካርልሰን የተሻለ ቦታ ይዞ፣ ትርፍ ሰዓትም እያለው፣ በ31ኛው እርምጃ አቻ እንለያይ ብሎ ሲጠይቅ ተመልካቹ ተቆጣ። ፈራ የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ፤ ከካስፓሮቭ ሳይቀር። ወረታ ላይም እትዬ በዚህ ሾፌሩን እስከ እራት ሰዓት ሲነዘንዙት አመሹ። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 19፣ በፈጣን ጨዋታ ካርልሰን ሦስቱንም አከታትሎ አሸነፈ። ተመልካቹ ኮምፒዩተሩን ይዞ የቦታውን ዋጋ ቢያውቅም፣ የሰውየውን ልብ አላወቀም ነበር። ካርልሰን ያሰበው ያንን የአንድ ቀን ጨዋታ ሳይሆን የሚቀጥለውን ነበረ፤ ልክ እንደ ሰንጠረዥ ተጫዋች፣ የባላጋራውን ሠራዊት በዚያ ቀን ለመጨረስ አልቸኮለም።

ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ስለነበረ ሥራ አልወጣንም። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ገልብጠን፣ በአናጢ እርሳስ ስድሳ አራት ቤት አሰመርንበት። የለስላሳ ቆርኪ መደቅ ሆነ፤ ለንጉሡ፣ ለፈርዙና ለፊሉ ደግሞ በቆርኪው ላይ ስማቸውን ጻፍንበት። ፓንክረስት የመዘገቡትን የወረራ ሕግ ካስረዳኋቸው በኋላ ቀያሹና ሾፌሩ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ሁለቱም ተራ ለመጠበቅ አንዱ የሌላውን ፊት ያይ ነበር። ቀያሹ ሁለት መደቅ ወደፊት ሲገፋ ሾፌሩ ነቃ፤ ከዚያ አራት እጆች በአንድ ጊዜ ገበታው ላይ ወረዱ። ቀያሹ የግራ ክንፉን ሲያጠብቅ ሾፌሩ አይቶ የራሱን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ቀያሹም መልሶ ያፈርሰዋል። ገና አንድም ነገር ሳይማረክ ወደ ሩብ ሰዓት ገደማ ቆዩ። ቡና ይዘው የመጡት እትዬ ለትንሽ ጊዜ ቆመው ተመለከቱ፤ ከዚያ ረከቦቱን መሬት አስቀምጠው ጎንበስ አሉና፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ የሾፌሩን ፊል አንሥተው ሁለት ቤት አሻገሩት።